«ጓደኛዬ በአንድ ዓመት ጨረሰች፤ እኔስ?» ስለ ኦንላይን ዲግሪ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂዋ መልእክት አጠር ሲል ይህ ነው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማኔጅመንት ሁለት ዓመት ተምሬ ነበር፣ ሳልጨርስ መጣሁ። አሁን በሌሊት ሺፍት አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። በኦንላይን ዲግሪ ልጀምር ወስኛለሁ። አንዷ ጓደኛዬ በአንድ ዓመት ጨረስኩት፣ ቀላል ነው ትላለች። ሌላዋ ጀምራ አቁማ እስካሁን ዕዳ ትከፍላለች። ማንን ልመን? ኦንላይን ሲማሩ ኑሮው ምን ይመስላል? ወረቀቱስ ተቀባይነት አለው?»

ሁለቱንም እመኚያቸው። ሁለቱም የደረሰባቸውን ነው የነገሩሽ። ግን አንዳቸውም ሙሉውን አልነገሩሽም። የፈጠነችው ስትጀምር ምን ይዛ እንደገባች አላወራችም፤ ያቆመችው ደግሞ ዕዳው ከየት እንደመጣ አላብራራችም፣ ምናልባት ለእሷም በደንብ አልገባት ይሆናል። እኔ እየሠሩና ልጅ እያሳደጉ የሚማሩ ሰዎችን አማክራለሁ፤ ብዙዎቹም አበሾች ናቸው። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ዓመቶቹን የጻፍኩት እዚህ እንደምንቆጥረው ነው፤ የኛን አቆጣጠር ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።

ከፈጠነችው እንጀምር። የትምህርት ቤቱን ስም ባትነግሪኝም፣ «በአንድ ዓመት ጨረስኩ» የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1997 የ19 ግዛቶች ገዢዎች ተስማምተው ያቋቋሙት፣ ለትርፍ ያልቆመ ትምህርት ቤት ነው። አከፋፈሉ ከሌላው ይለያል። በክሬዲት አትከፍዪም፣ በስድስት ወር ነው የምትከፍዪው፤ ለቢዝነስና ለመሰል ትምህርቶች ወደ 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ አራት ኮርስም ውሰጂ አሥራ አራት፣ ሒሳቡ ያው ነው። ትምህርቱን የምታውቂው ከሆነ ፈተናውን ዛሬ ተፈትነሽ አልፈሽ ነገ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። የፊደል ውጤት የሚባል የለም፤ አለፍሽ ወይ አላለፍሽም ነው፣ ያለፍሽው ሁሉ እንደ 3.0 ይቆጠራል።

እንግዲህ ጓደኛሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ስትጀምሪ ስንት ክሬዲት ይዘሽ ገባሽ? ባችለር 120 ክሬዲት ነው። በአንድ ዓመት የጨረሱ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይዘው የገቡ ናቸው። አንዱ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሶሺየት የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ አለው፤ ሌላው አገር ቤት አካውንቲንግ ጨርሶ ዓመታት ባንክ ሠርቷል፤ ሌላዋ ከመግባቷ በፊት ሶፊያ በሚባለው በወር ክፍያ የሚሠራ መድረክ ቀላል ቀላሉን ኮርስ አጥፍታ ነው የመጣችው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ብልጠት ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ግን «ዲግሪ በአንድ ዓመት» ሲባል የሰማሽው የመጨረሻውን ዙር ብቻ ነው።

ለአንቺ አሁን ይህ ትምህርት ቤት ይሆናል? አይመስለኝም። ምክንያቴም ይሄ ነው፤ እዚያ ሳምንታዊ ዴድላይን የለም። ሜንተር የሚባል ሰው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደውልልሻል፣ ከዚያ ውጪ አንቺና ላፕቶፕሽ ናችሁ። ራሱን በራሱ የሚገፋ ሰው ይበርበታል። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ የሚተኛ ሰው ግን «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» እያለ ስድስት ወሩ ያልቅበታል። በባችለር ደረጃ በመንፈቅ ቢያንስ 12 ክሬዲት የሚሆን እንድትመዘገቢ ይጠበቃል። ያልጨረስሽው ወደሚቀጥለው ክፍያ ይሻገራል ማለት ነው። መምህሩንም በተመለከተ ጭቅጭቁ የቆየ ነው። በ2017 የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር «ተማሪው ከመምህር ጋር በበቂ አይገናኝም» ብሎ ትምህርት ቤቱ 713 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል እርዳታ እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ፤ በጥር 2019 መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ሳይቀበለው ቀረ። ሕጉ እንደዚያ ቢያልቅም፣ ተማሪዎቼ የሚሉት ግን ያው ነው፤ ለሚያውቀው ሰው ምርጥ፣ ከዜሮ ለሚጀምረው ብቸኛ።

አሁን ወዳቆመችው ጓደኛሽ እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚነግርሽ ሰው አታገኚም።

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ሞልተሽ ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ሲፈቀድልሽ ገንዘቡ «ያንቺ» አይደለም። በየቀኑ እየተማርሽ ነው የምታገኚው። መንፈቁ 60 በመቶ ከመሙላቱ በፊት ካቆምሽ፣ ያልተማርሽበትን ድርሻ ትምህርት ቤቱ አስልቶ ለመንግሥት ይመልሳል። ከዚያስ? ከዚያ ትምህርት ቤቱ ራሱ የጎደለበትን ክፍያ ከአንቺ ይጠይቃል። ልጅቷ «በነፃ ነው የተማርኩት» ብላ በአራተኛው ሳምንት ድምፅ አጥፍታ ትጠፋለች፤ ወራት ቆይቶ የሁለት ሺህ፣ የሦስት ሺህ ዶላር ደብዳቤ ቤቷ ይመጣል። ቀጥሎ ዕዳ ሰብሳቢ ይደውላል። ጓደኛሽ የገጠማት ይሄ ቢሆን አይገርመኝም።

ኦንላይን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ገብቶ መውጣት፣ ማለትም ሎግ ኢን ማድረግ ብቻውን ትምህርት እንደተከታተልሽ አያስቆጥርም። በፌዴራል ደንቡ የሚቆጠረው የሠራሽው ነገር ነው፤ ያስገባሽው አሳይንመንት፣ የተፈተንሽው ፈተና፣ ውይይቱ ላይ የጻፍሽው። «በየቀኑ ስገባ ነበር እኮ!» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። በመንፈቁ መጨረሻ ሁሉም ኮርስ ላይ ኤፍ ከመጣብሽም «በእርግጥ ተምራ ወደቀች ወይስ መሀል ላይ ጠፋች?» ብለው ወደ ኋላ ሄደው ያጣራሉ።

ስለዚህ ሕይወት አስገደደሽ እንበል፤ ልጅ ታመመ፣ ሺፍት ተቀየረ። ዝም ብለሽ አትጥፊ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ ድሮፕ ማድረጊያው፣ ማለትም ኮርሱን መሰረዣው ቀን ሳያልፍ አውጪው። ካለፈ ለአድቫይዘርሽ ደውዪና «አሁን ባቆም ስንት ይመጣብኛል? ሁለት ሳምንት ቆይቼ ባቆምስ?» በዪው። መልሱ በቁጥር ነው የሚመጣው፣ እሱን አይተሽ ትወስኛለሽ። የምትጥዪው ኮርስ ከበዛም ችግር አለው፤ እርዳታው እንዲቀጥል በብዙ ትምህርት ቤት ከሞከርሽው ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን ማለፍና ውጤትሽም ከ2.0 አለመውረድ አለበት።

እኛ አበሾች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ይሄ ዝም ብሎ መጥፋት ነው። መጠየቅ ማስቸገር ይመስለናል። አገር ቤት መምህር ቢሮ መሄድ ራሱ አንድ ድፍረት ነበር፣ እዚህም ያው ይሉኝታ ይከተለናል። ኦንላይን ላይ ግን ፊትሽን አይቶ «ዛሬ ምን ሆንሽ?» የሚል የለም። ኢሜይል ካልጻፍሽ የለሽም። በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ጥያቄ አልገባኝም» ብላ ሁለት መስመር የምትልከው ተማሪ ብዙ ጊዜ ታልፋለች። ሁሉን ለብቻዋ ልትወጣው የምትታገለው ናት የምትቀረው።

ኑሮው ምን ይመስላል ላልሽው፣ እዚያው ጎረቤትሽ ያለውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ ልውሰድ፤ ዋና ቢሮው አዴልፊ ነው። ድሮ ዩኤምዩሲ ይባል የነበረው ነው፣ በ2019 ነው ስሙን የቀየረው። በ1947 ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ የተከፈተ፣ በ1949 ደግሞ አውሮፓ ለነበሩ ወታደሮች ማስተማር የጀመረ ስለሆነ የሥራ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። የመንግሥት ነው። ለባችለር ብዙዎቹ ኮርሶች ስምንት ሳምንት ናቸው። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ አትገዢም፣ ማንበቢያው እዚያው ተጭኗል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስምንት ሳምንት ሲባል አጭርና ቀላል ይመስላል። እስቲ እናስላው። አንድ የሦስት ክሬዲት ኮርስ በተለመደው ስሌት 45 ሰዓት ክፍል፣ 90 ሰዓት የቤት ሥራ ነው፤ ድምሩ 135። ይሄን ለስምንት ሳምንት ስታካፍዪው በሳምንት ወደ 17 ሰዓት ይመጣል። ሁለት ኮርስ ከወሰድሽ 34። ሌላ ሥራ ማለት ነው! እርግጥ ሁሉም ኮርስ ይሄን ያህል አይበላም፣ በግማሹ የሚያልቅም አለ፣ ሒሳብና ስታትስቲክስ ግን ሙሉውን ይበላሉ፣ አንዳንዴም ይጨምራሉ። መዝጋቢው ስልክ ላይ «አራት ኮርስ ብትወስጂ ቶሎ ትጨርሻለሽ» ሲልሽ ይሄን ስሌት አስቢ።

ሳምንቱ ራሱ እንዲህ ይሄዳል። አዲስ ክፍል ይከፈታል። የውይይት ጥያቄ ይሰጣል፣ እስከ ሐሙስ አካባቢ የራስሽን መልስ ትጽፊያለሽ፣ እስከ እሁድ ለሁለት ተማሪዎች ምላሽ ትሰጫለሽ። አንድ አሳይንመንት ወይም ኩዊዝ ይኖራል። ሁሉም እሁድ ማታ 11:59 ላይ ይዘጋል። የኛ ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ክርስትና፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት፤ ቤቱ የሚገባው ማታ ነው። አንድ አየር ማረፊያ ታክሲ የሚያሽከረክር ተማሪ ነበረኝ፣ ተራ እየጠበቀ መሪው ላይ ላፕቶፕ አስደግፎ ይጽፍ ነበር። እሁድ ማታ 11:50 ላይ ተራው ደርሶ ተሳፋሪ ገባበት። አሳይንመንቱ አልቋል፣ የቀረው መላክ ብቻ ነው። አልላከውም። ከዚያ በኋላ «የእኔ ዴድላይን ዓርብ ነው» ብሎ ለራሱ ደነገገ፣ ጨረሰም። አንቺም ቀንሽን ከፕሮፌሰሩ ቀድመሽ ቁረጪ።

በውይይቱ ላይ አንድ ምክር። «በሐሳብሽ እስማማለሁ፣ ጥሩ ብለሻል» ብሎ መጻፍ ነጥብ አያመጣም። እኛ ሰው ፊት መቃወም ነውር ሆኖብን ነው ያደግነው፣ እዚህ ግን «እኔ በምሠራበት ቤት የማየው ከዚህ ይለያል» ብለሽ ከሥራሽ አንድ ምሳሌ ብትጨምሪ ሙሉ ነጥብ ታገኛለሽ። ለአንድ ማኔጅመንት ኮርስ ያንቺ የሌሊት ሺፍት ሀብት ነው። ማን መርሐ ግብር ያወጣል፣ ነርሷ ስትቀር ማን ይጠራል፣ ቤተሰቡ ሲቆጣ ማን ያናግራል፤ መጽሐፉ የሚያወራው ይሄንኑ ነው።

ስለ ጽሑፍ ደግሞ። አገር ቤት ሀንድአውቱን ቃል በቃል ሸምድደሽ ብትጽፊ ጎበዝ ትባያለሽ፤ እዚህ ስርቆት ይባላል፣ ሶፍትዌሩም ያወጣዋል። አሁን አሁን የባሰው በአማርኛ አስቦ በማሽን አስተርጉሞ ወይም በኤአይ አስጽፎ መለጠፍ ነው። ይያዛል፤ ሳይጠቀሙበትም «ተጠቅመሻል» ተብለው የተከሰሱ አሉ። መከላከያው ረቂቅሽን ማስቀመጥ ነው። ጉግል ዶክስ ላይ ጻፊ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ታሪኩ ይቀመጥልሻል፣ ከተጠየቅሽ ታሳያለሽ። እንግሊዝኛሽ ይንተባተብ፣ ግድ የለም፤ የመጻፍ እርዳታ የሚሰጥ ክፍል በነፃ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ።

ፈተና። ሁሉም ኮርስ በካሜራ አይፈትንም፣ የሚፈትነው ግን ያስጨንቃል። ክፍሉን በካሜራ አዙሪና አሳዪ ይሉሻል፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን፣ ሰው አይግባ። ኦሃዮ ውስጥ አንድ ተማሪ በዚህ ምክንያት የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከስሶ በነሐሴ 2022 የፌዴራል ዳኛ ክፍልን በካሜራ ማስቃኘቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈርደውለታል፤ ያም ሆኖ ብዙ ቦታ አሁንም ይሠራበታል። የፊት መለያውም ጥቁር ቆዳ ላይ ያስቸግራል የሚል ቅሬታ በዝቶ በታኅሣሥ 2020 ሴናተሮች ለሦስት የፈተና ሶፍትዌር ኩባንያዎች ደብዳቤ ጽፈዋል። ስለዚህ መብራት ከፊትሽ ይሁን እንጂ ከኋላሽ አይሁን። ልጆቹን ደግሞ... አንዲት እናት ፈተና ላይ እያለች የአራት ዓመት ልጇ በሩን ከፍቶ «ማሚ ሽንቴ መጣ» አላት። ፈተናው ተቋረጠ። ማመልከቻ ጽፋ ድጋሚ ተፈቀደላት፣ ግን ያቺን ሳምንት ታመመችበት። ፈተና ያለ ቀን ልጆቹን ለእህት፣ ለጎረቤት ስጪ፤ ካልሆነ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለብቻ የሚቀመጡበትን ክፍል ቀድመሽ ያዢ።

ጥናትስ ምን ይላል? የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዋሽንግተን ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከ40 ሺህ በላይ ተማሪዎች የወሰዱትን ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ኮርስ ተመልክተው በ2013 ውጤቱን አወጡ። ኦንላይን ሲሆን ተማሪው በአጠቃላይ ውጤቱ ይወርዳል፣ የሚያቋርጠውም ይበዛል። አወራረዱ ግን እኩል አይደለም። ወንዶች፣ ወጣቶች፣ ጥቁሮችና ቀድሞም ውጤታቸው ዝቅ ያሉት የበለጠ ይጎዳሉ። ሴቶችና በዕድሜ ከፍ ያሉት ይሻላሉ። ጥናቱ የቆየ ቢሆንም እኔ በሥራዬ ከማየው ጋር ይገጥማል። ላንቺ ሁለት ነገር ያግዝሻል፣ አንድ ነገር ያስፈራል ማለት ነው።

ወደ ወረቀቱ ተቀባይነት ልሂድ፣ እሱ አጭር ነው። ዲፕሎማው ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ኦንላይን» የሚል ቃል አይጻፍም። ቀጣሪው የሚያየው ትምህርት ቤቱ እውቅና አለው ወይ የሚለውን ነው፤ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አለ፣ ስሙን ጽፈሽ በአንድ ደቂቃ ታያለሽ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱም አላቸው። ሰው የሚያወራለት ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልም አለው። በ2009 የተቋቋመ ነው፣ የማስተማሪያ ክፍያ ባይኖረውም በየኮርሱ የመመዘኛ ክፍያ አለ። እዚያ የተማሩት የሚያማርሩት የቤት ሥራሽን የሚያርመው የክፍል ጓደኛሽ መሆኑን ነው፤ አንዱ አሥር ይሰጥሻል፣ አንዱ ሳያነብ አራት። አሜሪካ ውስጥ ሆነሽ ፔል የምታገኚ ከሆነ እሱን ለመምረጥ ብዙ ምክንያት አይታየኝም። አገር ቤት ላለ ሰው ግን ሌላ ነው። ነገ ተመልሰሽ ኢትዮጵያ ልሥራበት ካልሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንደሚያስፈልግሽ ብቻ እወቂ።

መራቅ ያለብሽ ደግሞ ሌላ ነው። ማስታወቂያ ላይ ስልክሽን ካስገባሽ በኋላ በቀን አምስቴ የሚደውል ትምህርት ቤት ካለ ጠርጥሪ። ኮሪንቲያን በ2015፣ አይቲቲ በ2016 ተዘግተው ተማሪዎቻቸው ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ በማስታወቂያው ሰው አሳስቷል በሚል ክስ በ2019 በ191 ሚሊዮን ዶላር ነው ስምምነት የገባው። «በሥራ ልምድሽ ብቻ በሁለት ሳምንት ዲግሪ» የሚሉት ደግሞ ትምህርት ቤትም አይደሉም። በግንቦት 2015 የተጋለጠው አክዛክት የሚባለው የፓኪስታን ኩባንያ ያልነበሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ፈጥሮ ዲግሪ ሲሸጥ ነበር፣ ገበያው ገልፍ አገሮች ድረስ ነበር። አንቺ የእንክብካቤ ሥራ ላይ ስላለሽ አንድ ልጨምር። «ነርስነት ሙሉ በሙሉ በኦንላይን» የሚልሽን እንዳታምኚ፤ መጀመሪያ ነርስ ለመሆን ሆስፒታል ገብቶ መለማመድ ግዴታ ነው። ኦንላይን የሚሆነው ነርስ ሆነሽ ወደ ባችለር ስታሳድጊው ነው። በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ እንደተሸጠ ታውቆ ስንት ሰው ፈቃዱን አጥቷል።

አሁን ዋናው፤ አገር ቤት የተማርሽው ሁለት ዓመት። ይሄን ብዙ ሰው ላም አለኝ በሰማይ አድርጎት ይቀራል። ያ ሁለት ዓመት በደንብ ከተገመገመ ጥቂት የማይባል ክሬዲት ሊያስቆጥርልሽ ይችላል፣ ማለትም ሺህ ዶላሮችና ብዙ ሌሊቶች። ግን እጅሽ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይበቃም። ዌስና መሰል የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚፈልጉት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራሩ በቀጥታ፣ ታሽጎ እንዲላክላቸው ነው። እዚህ ላይ ነው ወጪ መጋራቱ የሚመጣው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የፈረመበት ውል አለ፤ እሱ ካልተከፈለ ኦፊሻሉን አይሰጡም። ደግነቱ ያኔ በብር የተጻፈ ዕዳ ነው፣ አሁን ባለው ምንዛሪ እዚህ ለሚሠራ ሰው ያን ያህል አይከብድም። ሌላው ክሊራንስ ነው። ስትወጪ የማቋረጫ ቅጹን (ዊዝድሮዋል) ሞልተሽ ከሆነ ጥሩ፣ ዲቪ ደርሶሽ ሻንጣ ይዘሽ ከሄድሽ ግን ቤተ መጻሕፍቱም ዶርሙም «አልመለሰችም» ብለው ይዘውሽ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ውክልና ላኪና በአካል ይጨርሱልሽ። በስልክ አያልቅም። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬ ጀምሪው፣ ትምህርቱን ግን እሱን እየጠበቅሽ አታዘግዪ።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ፋፍሳ እሞላለሁ። ግሪን ካርድ ስላለሽ ትችያለሽ (ቲፒኤስ፣ ማለትም ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም፣ ይሄን ለሚያነቡ ሌሎች ብዬ ነው)። ፔል ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፣ እንደ ገቢሽና እንደምትወስጂው ክሬዲት ይቀንሳል። ለትንሽ ጊዜ ብለሽ አታባክኚው፤ በሕይወት ዘመን ለ12 የሙሉ ጊዜ መንፈቅ ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ብድር (ሎን) ቢፈቀድልሽ እንኳ መጀመሪያ አትንኪው።

ቀጥሎ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እመዘገባለሁ፤ የታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ ደጅሽ ነው። ሁለት ኮርስ ብቻ። እንግሊዝኛውን በአካል፣ ሌላውን በኦንላይን። በአካሉ ክፍል ጽሑፍሽን የሚያይ ሰው ታገኛለሽ፣ ምናልባት አብራሽ የምታጠና አበሻም ታገኛለሽ። በኦንላይኑ ደግሞ ራስሽን ትፈትኛለሽ፤ በርካሽ ዋጋ፣ ብዙ ሳትጎጂ። መንፈቁ ሲያልቅ በኦንላይኑ የነበረሽን ኑሮ ታውቂዋለሽ። አንዳንዱ ሰው «ይሄማ ለኔ አይደለም» ይላል፣ ምንም ነውር የለበትም፤ የማታ ክፍል አለ። ከተመቸሽ አሶሺየቱን እዚያው ጨርሰሽ ወደ ግሎባል ካምፓስ ትሻገሪያለሽ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እስከ 70፣ ከሁሉም ቦታ ተደምሮ እስከ 90 ክሬዲት ይቀበላሉ፤ የጅምር ሁለት ዓመትሽም የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግማሹን ይዘሽ ስለምትገቢ፣ ራስሽንም ስለምታውቂ፣ ጓደኛሽ የጨረሰችበትም ቦታ ቢያምርሽ አልከለክልሽም።

ለየትኛውም ትምህርት ቤት ስትደውዪ «ስንት ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቂ፦ ከያዝኩት ክሬዲት ስንቱን ትቀበላላችሁ፣ እሱን ከመመዝገቤ በፊት በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? የመጀመሪያዬ አድቫይዘር ማን ነው፣ ቢሮ ሰዓቱ ከእንቅልፌ ሰዓት ጋር ይጋጫል ወይ? ድሮፕ ማድረጊያው የመጨረሻ ቀን ስንት ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ «መጀመሪያ ተመዝገቢ፣ ከዚያ እናያለን» ካሉሽ ስልኩን ዝጊው።